ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር «ትንሽ ማስተካከያ»

ክቡርነትዎ ሆይ፤

ዘወትር አርብ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ፣ ኮምፒውተሩ ሊዘጋ ሲል፣ በደንበኛ ስልክ ተሳፍረው ጅማ ወዳለው የማስታወቂያ ድርጅታችን ብቅ ስለሚሉልን ምስጋናችን ላቅ ያለ ነው። ሰኞ ጠዋት እንደማይመችዎት እናውቃለን።

ሥራችን የሚያስቀና መሆኑን አንክድም። በአንድ ሳምንት ቡና ላኪ፣ ማር ነጋዴ፣ ክሊኒክና ሆቴል እናስተዋውቃለን፤ የሰው ሙያ በነጻ እንማራለን። የታጠበ ቡና ካልታጠበው በጣዕም እንዴት እንደሚለይ ያወቅሁት፣ ቀማሾች በማንኪያ ሳብ እያደረጉ ሲተፉት ቆሜ በማየት ነው። በዚህ ሁሉ ደስታ ጠግበን እንዳንበላሽ ግን እግዜር እርስዎን ላከልን።

ያን የቡና ማስታወቂያ ያስታውሳሉ? መጀመሪያ ጽሑፉ ጎላ ይበል አሉ፤ ጎላ። አረንጓዴው ቀይ ይሁን አሉ፤ ቀላ። ከዚያ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከኋላ ይግባ፣ ከፊቱ ባለሦስት እግር በርጩማ፣ በርጩማው ላይ ጀበና፣ ከጀበናው በላይ የደንበኛችን ፎቶ፣ ከፎቶው በላይ ሦስት ስልክ ቁጥር። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅሬን ላይ ያን ግቢ ሲያሠሩ ደጃፋቸው እንዲህ ይጨናነቃል ብለው ያሰቡ አይመስለኝም። በመጨረሻ ቆጣ ብለው «ቡናው የታለ?» አሉን።

«በዓለም አንደኛ» የሚል ይጨመር ሲሉም፣ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን እንደሚከለክል በትሕትና ነገርንዎት። «እንግዲያውስ በደቃቅ ፊደል ይጻፍ!» አሉ። ለሕግ ያለዎት አክብሮት ልብ ይነካል።

መብራትም ከእርስዎ ጋር ሳይማከር አይቀርም። 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግልገል ጊቤ አንድ እዚሁ ዞናችን ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ የሚጠፋው የእርስዎን ትእዛዝ ፈጽመን ፋይሉን ከማስቀመጣችን በፊት ነው።

የሚገርመኝ ወንድምዎ ክፍያ ነው። እርስዎ መንገዱን በጨለማም ያውቁታል፤ እርሱ ግን አንድም ቀን አልመጣም። ደረሰኝ ይዘን ስንሄድ «ባለቤቱ አዲስ አበባ ናቸው» ይባላል። እኚሁ ባለቤት ከአዲስ አበባ ሆነው እርስዎን ለመላክ ግን ኔትወርክ አያጡም። የእኛ ደመወዝ ደግሞ እርሳቸው እስኪመለሱ ይጠብቃል።

ስለዚህ ከመጪው አርብ ጀምሮ ያለ ቀብድ አንቀበልዎትም። ቀብዱ ከተከፈለ ሁለቴ በነጻ ይስተናገዳሉ፤ ከሦስተኛው ጀምሮ በየምጽአትዎ ይከፍላሉ። ዋጋው በሩ ላይ ተለጥፏል፤ የሰርግ ካርድ በነጻ የሚያሠሩ ዘመዶቻችንንም ይመለከታል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዲዛይን ክፍሉ