ጥር ላይ ሸጦ ነሐሴ ላይ መሸመት

«ገበሬው ለምን ታግሶ አይሸጥም?» የሚሉ ሰዎች አንጀቴን ያቃጥሉታል። በምኑ ይታገስ? ጤፉ ከአውድማ ሳይነሳ የማዳበሪያው ብድር ይጠየቃል፣ ግብሩ ይጠየቃል፣ የልጅ ደብተርና ጫማ አለ። ጎጃም ያለው አጎቴ በየዓመቱ የሚሸጠው ጎረቤቱ ሁሉ በሚሸጥበት በጥር ነው፤ ዋጋው የሚወርደውም ያኔ ነው። ጤፍን እኮ ነቀዝ አይደፍረውም፣ ዓመታት መቀመጥ ይችላል። የማይቀመጠው ዕዳው ነው! በቆሎ ከሆነማ ቢያቆዩትም ለነቀዝ ነው። ነሐሴ ሲገባ ያው ገበሬ ጎተራው ተራቁቶ በውድ ይሸምታል።

ከብቱስ? ፉርሽካና ፋጉሎ እየገዛ ሰንጋውን ለወራት ያደልባል። ለፋሲካ ሁሉም በአንድ ሳምንት ነድቶ ይመጣል። ደላላው ገዥውን ወደ ጥግ ወስዶ ያንሾካሹካል፤ ባለቤቱ ለገዛ በሬው ስንት እንደተሰጠ እንኳ አይሰማም። «አልሸጥም» ብሎ ቢመልሰው በሬው በመንገድ ይከሳል፣ መኖውም እንደገና ይገዛል።

ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣው ማዳበሪያ ዋጋ ሌላ ራስ ምታት ሆኗል። ወጪው ቀድሞ ይታወቃል፣ የእህሉን የነገ ዋጋ ግን የሚነግረው የለም።

እህልን መጋዘን አስገብቶ በደረሰኙ መበደር የሚያስችል ሕግ ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። አጎቴ ቀበሌ ግን አልደረሰም። ቢያንስ የብድሩን መክፈያ ወደ ሰኔ ግፉለት! መቼ መሸጥ እንዳለበት እሱ ከማንም በላይ ያውቃል።