ማስተካከያ፦ ስለ ወተመህ እና ስለ መዋጮው

ባለፈው ሳምንት ስለ ሰፈራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስጽፍ ሁለት ቦታ ተሳስቻለሁ። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ወተመህን «የወላጅና የመምህራን ኮሚቴ» ብዬዋለሁ። ሙሉ ስሙ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ትምህርት ቤት በሚመራበት ቦርድ ወይም ኮሚቴ ውስጥ ኅብረተሰቡ፣ መምህራንና ተማሪዎች እንዲገቡ ይል ነበር። ተማሪ የገባው ለማሳመሪያ አይደለም። የሴቶች መጸዳጃ ቤት በር መቀርቀሪያ እንደሌለው የ11ኛ ክፍል ልጅ ካልተናገረች ማን ይናገራል? እኛ ወላጆች እኮ አብዛኛውን ጊዜ ከግቢው በር አናልፍም።

ሁለተኛ፣ ለትምህርት ቤቱ የሚደረገው መዋጮ «ግዴታ ነው» ማለቴ ብዙ ሰው አስደንግጧል። በትምህርት ቤቱ ስብሰባ የተባለው ግን መዋጮው በፈቃደኝነት ነው የሚል ነው። ገንዘብ የሌለው በጉልበት፣ በእውቀት ወይም በቁሳቁስ ያግዛል። ቅዳሜ ዕለት አንድ አናጺ አባት መጋዝና መዶሻቸውን ይዘው መጥተው እግራቸው የወለቀ ዴስኮች ሲጠግኑ ዋሉ። ምሳ ሰዓት ላይ 7 ዴስክ ቆሞ ነበር። ይህ ትልቅ መዋጮ ነው።

በኔ ጽሑፍ ምክንያት ከስብሰባ የቀራችሁ ካላችሁ፣ አደራ፣ ለሚቀጥለው ኑ። ባዶ እጃችሁንም ቢሆን።