በበረካ የሚዘጋ መዝገብ

የግድያ ምርመራ አድካሚ ሥራ ነው የሚሉ ሰዎች ደሴ መጥተው ቡና ጠጥተው አያውቁም። ፖሊስ አሻራ እስኪያነሣ፣ ሐኪም አስከሬን እስኪመረምር፣ ዐቃቤ ሕግ ክስ እስኪያዘጋጅ ወራት የሚፈጀውን ጉዳይ፣ በፒያሳም ሆነ በሸዋ በር ረከቦቱን ከብበው የተቀመጡ ጎረቤታሞች አቦሉ ሲቀዳ ከፍተው በረካው ሳይጨለጥ ይዘጉታል። ማታ በቴሌቪዥን የታየው የግድያ ድራማ ጠዋት ችሎት ይቀርባል፤ ቀጠሮ የለም፣ ይግባኝ የለም፣ ተከሳሹም ባሕር ማዶ ስለሆነ «ኧረ እኔ አይደለሁም» እያለ የሚያስቸግር የለም። ይህን የመሰለ ቀልጣፋ ፍትሕ እስከ ዛሬ አንድ የምስጋና ቃል ሳይጻፍለት መቅረቱ ያስተዛዝባል።

ከሁሉ አስቀድሞ የማስረጃ አመዛዘናቸው ሊደነቅ ይገባል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ከያዘ ወዲህ የተመልካቹ ጆሮ እጅግ ሠልጥኗል። በቅርቡ ባለቀው ድራማ ባለጠጋው ነጋዴ በገዛ ቤቱ ተገድሎ በተገኘ ጊዜ፣ አንዲት የሰፈራችን እናት ገዳዩ ሐኪሙ መሆኑን በመጀመሪያው ምሽት አረጋገጡ። ምክንያታቸው ጽኑ ነበር፤ የሐኪሙ ድምፅ ቀደም ሲል በሌላ ድራማ ሚስቱን የመረዘው ሰውዬ ድምፅ ነው። ልጃቸው የሁለቱንም ንግግር አዲስ አበባ ስቱዲዮ ተቀምጦ ያነበበው አንድ ባለሙያ መሆኑን ሊያስረዳቸው ቢሞክር፣ «እሱማ ግብረ አበሩ ነዋ!» ብለው ተጨማሪ ተከሳሽ መዝገቡ ላይ አስገቡ።

የሟቹ ሚስት ጉዳይ ከዚህም የጠራ ነበር። ባሏ በተቀበረበት ክፍል ሙሾ ሳታወርድ፣ ደረቷን ሳትመታ፣ ጥቁር መነጽር አድርጋ ቆማ በመታየቷ በሙሉ ድምፅ ጥፋተኛ ተባለች። በሚቀጥለው ክፍል ስታለቅስ ታየች፤ «አሁን ምን አስለቀሳት?» ተብሎ ቅጣቱ ከበደባት። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ነገር ግን ቁርጥራጭ ምስል እያየ ለሚፈርድ የቡና ሸንጎ ይህ አንቀጽ ይሠራል የሚል ሕግ ዐዋቂ እስካሁን በመካከላችን አልተነሣም።

የሸንጎው ብቃት ግን ፍንትው ብሎ የሚታየው መብራት ሲጠፋ ነው። መርማሪው በሩን ከፍቶ ሊገባ፣ ከበስተጀርባ ያለው ሰው ፊቱን ሊያዞር ሲል ቤቱ በጨለማ ይዋጣል፤ በዚያች ቅጽበት ተራ ሰው ቢሆን «ሳላየው ቀረሁ» ብሎ ያዝን ነበር። የእኛ ተመልካች ግን ያላየውን ክፍል ካየው ይልቅ አስረግጦ ይመሰክራል፤ ሰውዬው ሲዞር የነበረውን የፊት ገጽታ፣ የለበሰውን ካፖርት ቀለም፣ የያዘውን ስለት እንኳ ይገልጻል። በማግስቱ ምስክርነቱ በሚኒባስ ተሳፍሮ የሐረጎን ቁልቁለት ይወርዳል። ከደሴ ሲነሣ በጥርጣሬ ብቻ የነበረው የነጋዴው ሹፌር ኮምቦልቻ ሲደርስ የተረጋገጠበት ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ይወርዳል (የሚኒባሱን ሹፌር ማለቴ አይደለም፤ እሱ እንዲያውም ከፈራጆቹ አንዱ ነበር)።

እነዚህ ሰዎች ይህን ጥበብ ከሜዳ አላገኙትም የሚል አለ። አባቶቻችን ወንጀለኛው ያልታወቀ ጥፋት ሲፈጸም የአካባቢውን ሰው ሰብስበው በአውጫጭኝ ያጣሩ ነበርና። ንጽጽሩ ግን የዛሬዎቹን ዝቅ ማድረግ ነው። አውጫጭኝ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት፤ ያላየና ያልሰማ ሰው «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብሎ መማል ይችል ነበር። በዛሬው ሸንጎ ይህ ቀዳዳ ተደፍኗል። «አላውቅም፣ እስኪ መጨረሻውን እንየው» ያለ አንድ ወጣት እንደ መሐላ አፍራሽ ከታየ በኋላ ቡናው እንኳ ቀጥኖ ተቀድቶለታል። ለእርቅ የሚተጉም አልታጡም፤ የአበጋር (የወሎ ደም አድራቂ ሽማግሌ) ዘር ነኝ የሚሉ አንድ አዛውንት ገዳዩ ሳይለይ የሟቹን ወንድምና የሟቹን ሚስት አስታርቀው ደም ለማድረቅ ሐሳብ አቅርበው ነበር።

አሜሪካኖች ይህን ሁሉ ስላላወቁ ብዙ ተንገላትተዋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1980 በ«ዳላስ» ድራማ ጄ. አር. የተባለው ከበርቴ በጥይት ሲመታ፣ ማን እንደተኮሰበት ለማወቅ እስከ ኅዳር ድረስ ጠበቁ፤ አዘጋጆቹም ምሥጢሩ እንዳይወጣ ብለው የተለያዩ ተዋንያን ሲተኩሱ የሚያሳይ ምስል ቀረጹ። መጨረሻ ላይ የሚስቱ እኅት ሆና ተገኘች፤ ሰውዬውም አልሞተም። ስምንት ወር! በእኛ ሰፈር ቢሆን በዚያ ጊዜ ሚስቱም፣ እኅቷም፣ ሐኪሙም ተፈርዶባቸው ጨርሰው፣ ተመቺው ራሱ «ለምን ተረፈ?» ተብሎ ይጠየቅ ነበር።

በመጨረሻው ክፍል ገዳዩ ማንም ስሙን ያላነሣው የሟቹ ጠበቃ ሆኖ ሲገኝ፣ ሸንጎው እንደሚያፍር የጠበቁ ሞኞች ነበሩ። ሁሉም ከመጀመሪያው አንሥቶ ጠበቃውን ሲጠረጥር እንደነበር እርስ በርሱ ተመሰካከረ። እኒያ እናት ብቻ በአቋማቸው ጸኑ፤ በእርሳቸው ዘንድ ሐኪሙ ገንዘብ ከፍሎ መጨረሻውን አስለውጦታል። አሁን የአዲስ ድራማ ማስታወቂያ እየታየ ነው፤ ማን እንደሚሞት ገና አልተነገረም፤ ገዳዩን ግን ለይተውታል።