ይድረስ ለክቡር ገደ ቢስ ቀን፣ ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከአልጋዬ፣ ከፍራሼ፣ ከሁለት ጀሪካንና ከአንድ ምጣድ በስተቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። የተጠቀሱት ዕቃዎች ማክሰኞ ግንቦት 13 ቀን ከረፋዱ አምስት ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ድረስ፣ በድሬዳዋ ፀሐይ፣ ሕዝብ በሚተላለፍበት መንገድ ዳር፣ እርስዎን በማክበር ቆመው ውለዋል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ስለ ተደረገላቸው መስተንግዶ ለማመስገን ነው።

የሆነውን ከመነሻው ላስረዳ። ከሁለት ወር ፍለጋ በኋላ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ሁለት ክፍል ቤት ተገኘልኝ። ቀብዱን የከፈልኩት ዓርብ ነው። ዓርብ በብዙ አገር የቅርብ ዘመድዎ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ አከራዬ ግን ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጥረው መቀነታቸው ውስጥ ሲቋጥሩ የዕለቱን ስም አልጠየቁም። ደላላው ኮሚሽኑን የተቀበለኝ እሑድ ነው፤ እሱም አልጠየቀም። እንደ ታዘብኩት ከሆነ፣ ክቡርነትዎ ገንዘብ ወደ ቤት በሚገባበት ሰዓት ዕረፍት ላይ ነዎት፤ ሥራ የሚጀምሩት ዕቃ ሊገባ ሲል ነው።

ማክሰኞን የመረጥኩት እኔ አልነበርኩም። የመረጠው በቀበሌው መስኮት ላይ በፕላስተር የተለጠፈው ወረቀት ነው፤ የኪራይ ውል የሚስተናገደው «ማክሰኞ እና ሐሙስ ብቻ» ይላል። ቅጹን፣ ሦስቱን ኮፒ፣ የካርታውን ፎቶ ኮፒና ጉርድ ፎቶግራፎቹን አንባቢ ሁሉ በየቤቱ በፌስታል አስሮ ስላስቀመጣቸው አልዘረዝርም። ከመሥሪያ ቤቴ የአንድ ቀን ፈቃድ ወሰድኩ፤ የድሮውን ቤት ቁልፍ መለስኩ፤ ባለቤቴንና ልጆቹን ሳቢያን እኅቷ ዘንድ ልኬ፣ አንድ የጭነት ባጃጅና ሁለት ተሸካሚዎች ተከራይቼ፣ አምስት ሰዓት ላይ በሩን አንኳኳሁ።

«ልጄ፣ ዛሬ ዕለቱ ምንድን ነው?» አሉኝ አከራዬ፣ በሩን በግማሽ ከፍተው።

«ማክሰኞ ነው፣ እትዬ።»

«ወሩስ ስንት ቀኑ ነው?»

«13።»

«ውይ፣ አይሆንም! ማክሰኞ የገባ አልጋ በሽተኛ አያጣም፤ ደግሞ በ13! ውሉም እኮ የሁለት ዓመት ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ልትታመሙብኝ ነው? ሐሙስ ና።»

አዋጁ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ የደነገገው ተከራይን ለመጠበቅ ነበር፤ በአከራዬ ስሌት ግን የሕመሜ ርዝማኔ መለኪያ ሆኖ ቀረ። ቁልፉን መመለሴን ነገርኳቸው፤ አዘኑልኝ። ፈቃድ የወሰድኩት ለዛሬ ብቻ መሆኑን ነገርኳቸው፤ ከልባቸው አዘኑልኝ። በሩ ግን ከግማሽ አላለፈም። ክርክሩ ሲረዝም ተሸካሚዎቹ ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ። በከተማችን ቀትር ካለፈ በኋላ እጅ ሁሉ ወዴት እንደሚሰማራ ለድሬ ሰው መንገር አያስፈልግም። «አቦ፣ እኛ እዚህ ልናድር ነው?» አሉና ዕቃውን አጥሩ ሥር ደርድረው፣ ሙሉ ሒሳባቸውን ተቀብለው ወደ ጫት በርጫቸው ሄዱ።

ፍራሹን ግድግዳው ላይ ሲያስደግፉት የውስጥ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞሩት። ትንሹ ልጄ በሦስት ዓመት ውስጥ ሌሊት ሌሊት የሣላቸው ካርታዎች በዚያ ፊት ላይ ናቸው፤ ሁለት ታላላቅ አህጉራት ከነደሴቶቻቸው፣ ጠርዛቸው ቡናማ፣ መሐላቸው ቢጫ። ወደ ሱቅ የተላከች አንዲት ልጅ ቆማ ካርታውን በጥሞና አነበበች፤ ስትመለስ ጓደኛዋን ይዛ መጣች። አንድ ፍየል የሰሌን ምንጣፌን ጠርዝ ጀመረ። ቅጹን በጉልበቴ ላይ አድርጌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ቀረብ ብለው አልጋውን ጫን ጫን አደረጉና «ስንት ነው የምትለው?» አሉኝ። አይሸጥም ብላቸው ዋጋ የምሰቅል መስሏቸው ሄደው ተመለሱ፤ በሁለተኛው ጊዜ ምጣዱን ጨምሬ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። ባለቤቴ ከሳቢያን በየግማሽ ሰዓቱ እየደወለች «አስገባህ?» ትለኛለች።

አከራዬ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቡና በሲኒ አስይዘው እስከ መንገዱ ላኩልኝ፤ ከአቦል እስከ በረካ አላጎደሉብኝም። በረካው ላይ ራሳቸው ወጥተው ስለ ነበር፣ ይህን የማክሰኞን ነገር ከየት እንዳገኙት ጠየቅኋቸው። እናታቸው በወጣትነታቸው ከዚራ ሰፈር አንድ ግሪክ ቤት ምግብ ያበስሉ ነበር። የቤቱ እመቤት ማክሰኞ ዕለት መንገድ አትጀምርም፣ አዲስ ልብስም አታስቆርጥም ነበር። እናት ለልጅ ነገሩ፤ ልጅም በኔ አልጋ ላይ ተረጎሙት።

ክቡር ሆይ፣ የዘር ሐረግዎን ያወቅሁት በዚህ ጊዜ ነው። የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ሐዲዱን ተከትለው ከመጡት የውጭ አገር ሰዎች መካከል ግሪኮች እንደ ነበሩ ማንም የከተማችን ሰው ያውቃል፤ በሻንጣቸው ውስጥ እርስዎ እንደ ነበሩ ግን አልተነገረንም። ግሪኮች ማክሰኞን የሚጠሉበት ምክንያት አላቸው። ቁስጥንጥንያ በሱልጣን መሐመድ 2ኛ እጅ የወደቀችው እ.ኤ.አ. ሜይ 29 ቀን 1453፣ ማክሰኞ ዕለት ነው። ከዚያ በፊትም በ1204 የመስቀል ጦረኞች፣ የገዛ የክርስቶስ ወገኖቿ፣ ይዘው የዘረፏት ኤፕሪል 13፣ እንደገና ማክሰኞ ነበር። ከተማውን ሁለት ጊዜ ያጣ ሕዝብ ቀኑን ቢቀየም አልፈርድበትም። ነገር ግን ያው ማክሰኞ ለቱርኮች እስከ ዛሬ የድል ቀን ነው፤ የከተማችን ሙስሊሞች ሰፈር መጋላ ሄጄ ብጠይቅ የፈትሑን፣ የድሉን ማለቴ ነው፣ ዜና በደስታ የሚተርክልኝ ሽማግሌ አላጣም። እኛም የራሳችን አለን፤ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ማክሰኞ ነበር፤ ቀኑ ለማን ቀና፣ ለማን ጠመመ ብሎ በአንድ በርጫ መሐል የጠየቀ ሰው እስከ ማታ አይወጣም። እርስዎ ማለት እንግዲህ የአንድ ተሸናፊ ወገን የሐዘን ቀን ነዎት፤ ጦርነቱን ያልሰማ ሰው ከጎረቤት ተውሶ ልቅሶ የተቀመጠብዎ። የቁስጥንጥንያ ግንብ ስለ ፈረሰ የእኔ ፍራሽ ከ500 ዓመት በላይ ዘግይቶ መንገድ ላይ ዋለ።

የ13ን ጉዳይ ያስረዳን የልጅ ልጃቸው ነው፤ ከስልኩ። ስፔኖች ማክሰኞ 13ን፣ እንግሊዞች ዓርብ 13ን ይፈራሉ ብሎ አነበበልን፤ ምክንያቱም የፈረንሳዩ ንጉሥ ቴምፕላር የሚባሉትን ባላባት መነኮሳት ያስያዘው ኦክቶበር 13 ቀን 1307፣ ዓርብ ዕለት በመሆኑ ነው አለ። መያዛቸው እውነት ነው። የሁለቱ ጋብቻ፣ የዓርብና የ13 ማለቴ ነው፣ በጽሑፍ ብቅ የሚለው ግን ከ500 ዓመት በኋላ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ መነኮሳቱን ሽማግሌ አድርጎ የላካቸው የኛ ዘመን ወሬ ነው። ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ ይህ ግንቦት 13 በፈረንጆቹ ሜይ 21 መሆኑ ነው። 13ን የሚፈሩት ሰዎች በዚያን ዕለት ያለ ምንም ሥጋት ቤት ሲቀይሩ ውለዋል። በኛ ቤት 13 በየወሩ የእግዚአብሔር አብ ቀን ነው፤ ዓመታችንም 13 ወር አለው ብለን ለቱሪስት ስንመካበት ኖረናል። አከራዬ የግሪክን ዕለት በስፔን ቁጥር፣ የስፔንን ቁጥር በሐበሻ ካላንደር አባዝተው ነው እኔን ያስወጡኝ። ጣሊያን ቤት ቢሆን ኖሮ በ13 እገባ ነበር፤ እነሱ የሚሸሹት 17ን ነው፤ የ17ን የሮማ ፊደላት ብታዘዋውሯቸው በላቲን «ኖሬያለሁ» የሚል ቃል ስለሚወጣ፣ ኖሬያለሁ የሚል ደግሞ ሟች ብቻ ስለ ሆነ።

ክቡርነትዎ በዕድሜ የገፉ መሆንዎን አልክድም። በባቢሎን ወሩ በገባ በ7፣ በ14፣ በ19፣ በ21 እና በ28 ንጉሡ ሠረገላ አይወጣም፣ ፍርድም አይሰጥም ነበር፤ ይህ ሥርዓት በየመሥሪያ ቤታችን ያለ ቀን ገደብ ተከብሮ ይገኛል። ሮማውያን ጎል በሚባሉ ሕዝቦች የተደመሰሱበትን ጁላይ 18ን ለዘመናት ጥቁር ቀን ብለው ጽፈውታል፤ እነሱ ቢያንስ የተሸነፉት ራሳቸው ናቸው። ግብፆች ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ የሚተርፉትን አምስት ቀናት የአምስት አማልክት ልደት ነው ብለው ይሰጉባቸው ነበር፤ ሦስተኛው ቀን የሁከቱ አምላክ ልደት ስለ ሆነ ከሁሉም የከፋ ነው። እነዚያ ትርፍ ቀናት በግብፅ የዘመን አቆጣጠር በኩል ወደኛ መጥተው ጳጉሜን ሆነዋል። ሦስተኛው ቀን በኛ ዘንድ ምንድን ነው? ሩፋኤል! ግብፃዊው ደጁን ይዘጋበት የነበረውን ቀን እኛ ልጆቻችንን አውጥተን ዝናቡ ጠበል ነው ብለን እናጥብበታለን። ጳጉሜን መጥፎ ነው ከተባለ የሚያስማማን አንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ በወር ደመወዝ የምንኖር ሰዎች አምስቱን ቀን ያለ ደመወዝ መብላታችን።

ማክሰኞ ራሱ እንዴት ይህን ሁሉ ክፋት ይሸከማል? ስሙ እኮ የራሱ እንኳን አይደለም፤ የሰኞ ማግስት ማለት ነው።

ከዚህ ቀደም የተጣላንባቸውን አላነሣም ነበር፤ ለመዝገቡ ያህል ግን፣ ባለ ሱቁ ገና ጠዋት ነው፣ ገዴን አታበላሽ ብሎ የመለሰኝ፣ ሰኞ ገንዘብ ከእጄ አይወጣም እያለ ብድሬን አራት ሰኞ ያሳለፈው ጓደኛዬ፣ ሲመሽ መርፌ አይሰጥም ተብዬ በተተረተረ ሱሪ ለቅሶ መድረሴ፣ ሁሉም በስምዎ ተመዝግበዋል።

ወደ ማክሰኞ ልመለስ። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ አንድ አላፊ አግዳሚ የሆነውን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀና፣ «ቀን እኮ ኃይል አለው፤ ያ የደቻቱ ጎርፍስ ቀን ጠብቆ አይደል የመጣው?» አለ። እስከዚህ ድረስ ስቄ ነበር። ጎርፉ የመጣው በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ፣ ቅዳሜ ሌሊት ለእሑድ አጥቢያ ነው። ማክሰኞ አልነበረም፤ ዓርብም አልነበረም። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ወንዝ፣ ላይ ደጋው የጣለው ዝናብ ከተራቆተው ተራራ ተንደርድሮ ሞላው፤ ሰውም ዳር ዳሩን ቤት ሠርቶ ተኝቶ ነበር። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ቀን ነው የገደላቸው? አንተ ነህ? ገደ ቢስ ነው ከተባለ ማን ተራራውን አራቆተ፣ ማን ወንዝ ዳር ሰው እንዲሠራ ተወ፣ ማን ሌሊቱን ሳያስጠነቅቅ ቀረ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ለዚህ ነው የምትወደደው። ከሳሽ የለብህም፣ ፋይል የለህም፣ መልስ አትሰጥም፤ መልስ መስጠት ያለበትን ሁሉ ከኋላህ ትደብቃለህ። ሰውዬው ይህን ስጮህበት ደንግጦ ሄደ፤ ልጆቹም ካርታውን ማየት ትተው እኔን ማየት ጀመሩ።

አንቱታው ስላመለጠኝ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ሲመሽ ጎረቤቶች አዘኑልኝና ዕቃውን በአንድ ጋራዥ ውስጥ አሳደርን። ረቡዕን እንደ ምንም አሳለፍኩ። ሐሙስ ጠዋት ሌላ ፈቃድ ለምኜ ደረስኩ፤ አከራዬ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱልኝ፤ ፊታቸው በርቷል። «እንግዲህ ዛሬ ቀኑ ጥሩ ነው» አሉኝ። አልጋው ገባ፤ ፍራሹም ፊቱን አዙሮ ገባ። ጀሪካኑን ሳስገባ፣ ትናንት ማታ ሌላ ሰው መጥቶ በወር 1,500 ብር ጨምሬ ልግባ ብሏቸው እንደ ነበር፣ እኔን ግን እንደ ልጃቸው ስለሚያዩኝ 1,000 ብቻ እንድጨምር ነገሩኝ። ማክሰኞ ፈርመን ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው የሚመጣበት ረቡዕ አይኖርም ነበር። ቁልፍ መልሻለሁ፤ አልጋዬ ውስጥ ነው፤ ጨመርኩ።

ከዚያ ሁለታችንም ነጠላ አጣፍተን ቀበሌ ሄድን። ሰልፉን አንባቢ ያውቀዋል። ስድስት ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ሲቀረው መስኮቱ ላይ ደረስን፤ ሦስቱን ኮፒ አስገባሁ፤ ልጅቷ ሳታያቸው መለሰችልን።

«ሲስተም የለም» አለች። «ማክሰኞ ኑ።»

አከራዬ ዞር ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ቀስ ብለው አማተቡ።

አክባሪዎ፣
የአልጋው ባለቤት