ጉድጓድ ወይስ ክምር? የበረቱ እበት የት ይሂድ?

የክርክሩ ሐሳብ፦ «በጎጃም ከከብት እበት የሚወጣውን ጋዝ ለመቀነስ የባዮጋዝ ጉድጓድ ከኮምፖስት ክምር ይበልጣል።» ደጋፊው በመራዊ የባዮጋዝ ግንበኛ ናቸው፤ ተቃዋሚዋ በደብረ ማርቆስ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ናቸው።

ደጋፊው፦
እበት አየር ሳያገኝ ሲበሰብስ ሜቴን የተባለ የሚነድ ጋዝ ያወጣል። ሜቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ያሞቃል። ክረምት በበረቱ ደጃፍ የሚተኛው ረግረግ ይህንኑ እያወጣ ነው። የባዮጋዝ ጉድጓድ ግን ጋዙን አጠራቅሞ በቧንቧ ለምድጃ ይሰጣል። ለ6 ሜትር ኩብ ጉድጓድ በቀን 40 ኪሎ ያህል እበት በእኩል ውኃ በጥብጦ ማስገባት ይበቃል። አንድ ኪሎ እበት ከ35 እስከ 40 ሊትር ጋዝ ይሰጣል፤ ምድጃው በሰዓት 400 ሊትር ቢወስድ እንኳ ከ3 ሰዓት በላይ ይነዳል። የነደደው ሜቴን አለቀ ማለት ነው፤ ጉድጓድ የገባ ጋዝ አያመልጥም። ክምር ግን ለሰማይ ክፍት ነው፤ በተገላበጠ ቁጥር አሞኒያው፣ ያ ከእበቱ ናይትሮጂን የሚወጣው ሰንፋጭ ጋዝ፣ ዓይን ያቃጥላል።

ተቃዋሚዋ፦
ጋሼ፣ «ጉድጓድ የገባ ጋዝ አያመልጥም» ያሉትን ደግሜ አነበብሁት። የጉድጓዱ ክዳን፣ ጉልላቱ፣ ቋሚ ግንብ ነው፤ ጋዙ ሲጠራቀም ዝቃጩን፣ ማለትም የተብላላውን እበት፣ ወደ ማስወጫው ገንዳ ይገፋዋል። ቤተ ሰቡ ለቅሶ ሄዶ ምድጃው ለቀናት ሳይለኮስ ከቆየ ጋዙ በዚያው በማስወጫው እየተንቦቀቦቀ ይወጣል። ገንዳ ውስጥ ያለው ዝቃጭም መበስበሱን አያቆምም፤ ከላዩ ደግሞ ጉልላት የለውም። ይህ ሁሉ ሳይነድ የወጣ ሜቴን ነው።

በአግባቡ የተሠራ ክምር አየር ስላለው የሚያወጣው ሜቴን ጥቂት ነው። ወርዱ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር፣ ቁመቱ ከ1.5 ሜትር የማይበልጥ፤ ከሥር አየር የሚያስገባ የበቆሎ አገዳ፣ ከላይ እበትና ገለባ በየተራ። በእፍኝ ሲጨምቁት ጠብ ጠብ ካለ እርጥበቱ ልክ ነው። ከፈሰሰ መሐሉ ይታፈንና ሜቴን ማውጣት ይጀምራል፤ ያኔ ደረቅ ገለባ ጨምሮ ማገላበጥ ነው። መሐሉ የተሰካ እንጨት ሲነቀል ትኩስና ወዛም መሆን አለበት።

ደጋፊው፦
እህቴ፣ ሥራዬን እንደማላውቅ ተቆጥሮ መጻፉ ቅር አሰኝቶኛል። ማፍሰስ የአያያዝ ጉድለት እንጂ የጉድጓዱ ጠባይ አይደለም። መጋጠሚያውንና ዋናውን ቫልቭ በሳሙና አረፋ መቀባት ነው፤ አረፋው ካበጠ ያፈሳል። ጉልላቱ ከውስጥ ደጋግሞ ካልተለሰነና ቀለም ካልተቀባ ጋዝ ያሳልፋል፤ ይህ የግንበኛ ጥፋት ነው፣ ይታረማል። ቧንቧው ዝቅ ባለበት የሚጠራቀመው ውኃ ካልተለቀቀም ነበልባሉ ይንቀጠቀጣል፣ ባለቤቲቱም ምድጃውን ትተወዋለች።

እርስዎ ግን ስለ ኩበት አንድ ቃል አልተነፈሱም። በደጋው፣ በጮቄ ዙሪያ፣ ስንት እበት ደርቆ ማጀት ውስጥ ይነዳል! የጭሱ ደቃቅ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፤ ለማሳው ማዳበሪያ የሚሆነው ናይትሮጂኑም አብሮ ይጠፋል። ክምርዎ ለእናቶቻችን ምን ማገዶ ይሰጣል?

ተቃዋሚዋ፦
ማገዶ ርእሳችን አልነበረም። ካነሱት ግን እንጀራው በምን ይጋገር? የባዮጋዝ ምድጃ ወጥ ይሠራል፣ ቡና ያፈላል፤ ለሰፊው ምጣድ የሚበቃ እሳት ከአንድ ቤተ ሰብ ጉድጓድ ማግኘት ግን ከባድ ነው። ስለዚህ ጉድጓድ ባለበት ግቢም ኩበቱ አልቀረም። ከብቱ ቀን ግጦሽ ላይ ስለሚውል በረት የሚገኘው የሌሊቱ እበት ነው። 40 ሊትሩን ውኃስ በሚያዝያ ማን ይቀዳዋል?

«አያመልጥም» ያሉት አሁን «ከተጠገነ አያመልጥም» ሆኗል። ስለ ማስወጫው ግን አልመለሱልኝም። እዚያ የሚወጣው ዝቃጭ ናይትሮጂኑ በብዛት በቀላሉ አሞኒያ ወደሚሆነው አሞኒየም የተለወጠ፣ አሲዳማነቱም የቀነሰ ነው። ፀሐይ ላይ ሲሰጣ አሞኒያው ከጥሬ እበት ይልቅ ፈጥኖ ይተናል። አየር ላይም ከአሲዶች ጋር ተዋሕዶ ያንኑ የሚፈሩትን ደቃቅ ብናኝ ይሠራል።

ደጋፊው፦
ፀሐይ ላይ ይሰጣ ያለ የለም! ዝቃጩ ጥላ በተሠራለት ጉድጓድ ይገባል፤ በየንብርብሩ ገለባ ይጨመርበታል፣ በላዩ አፈር ይለብሳል። ለውኃውም የከብቱ ሽንት አለ። የበረቱን ወለል ድንጋይ አንጥፎ፣ በሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያደረጉ፣ በቦይ ወደ መበጥበጫው ማውረድ ነው። ውኃ የሚቀዳው ሰው ሸክም ይቀልለታል።

ተቃዋሚዋ፦
ገለባ በየንብርብሩ፣ አፈር በላዩ! ጋሼ፣ ይህ እኮ ክምር ነው። ደስ ብሎኛል።

የሽንቱ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ከከብቱ የሚወጣው ናይትሮጂን ግማሽ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ በሽንት ነው፤ አብዛኛውም ዩሪያ ነው። እበት ውስጥ ያለው ዩሪያን የሚሰብር ኢንዛይም ሲነካው በሰዓታት ውስጥ ወደ አሞኒያ መለወጥ ይጀምራል። ቦይዎ በእበት ከተደፈነ ሽንቱ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ጉድጓድ የሚደርሰው ናይትሮጂኑን ከጣለ በኋላ ነው። ማታ ደረቅ ጉዝጓዝ አድርጎ ጠዋት ፀሐይ ሳይከር ከነሽንቱ ወደ ክምሩ መጥረግ ይሻላል።

ደጋፊው፦
ጉዝጓዙ ከየት ይመጣል? የጤፍና የዳጉሳ ገለባ የከብቱ መኖ ነው። በበጋ ከብት እየራበው ገለባ መሬት ላይ አላነጥፍም። ቦዩ በቀን ሁለት ጊዜ ይጠረግ።

ተቃዋሚዋ፦
መኖውን አልነካሁም። ከብቱ ያስተረፈው የበቆሎ አገዳ አለ፤ የኑግ አገዳ አለ፤ ከእንጨት ቤት የሚጣል የመጋዝ ብናኝ አለ። አገዳውን በጣት ርዝመት ቆራርጦ ሽንቱ በሚወርድበት በኋላ እግሩ በኩል ብቻ ማንጠፍ ነው፤ በረቱን ሙሉ ማልበስ አያስፈልግም።