ኦስቲን ሦስት ጊዜ የሠራችው ግድብ

እዚህ ኦስቲን፣ ቴክሳስ፣ ቅዳሜና እሁድ ልጆቻችንን ይዘን የምንወጣበት ሌክ ኦስቲን የተፈጥሮ ሐይቅ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሰው የሠራው ሐይቅ ነው፤ በቴክሳስ ውስጥ ብቻ የሚፈሰው የኮሎራዶ ወንዝ ተገድቦ የተፈጠረ። የምንጠጣው ውሃም ከዚሁና ከበላዩ ካለው ሌክ ትራቪስ ይመጣል። የግድቡን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ሐሳቤ ሄዶ ሄዶ የሚያርፈው አዲስ አበባን ውሃ በሚያጠጣው የለገዳዲ ግድብ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ግድብ ያለቀው በ1893 ነው (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ ከተማዋ 15 ሺህ ያህል ሰው ቢኖራት ነው። ነዋሪው ውሃና መብራት አገኛለሁ፣ ፋብሪካም ይመጣልኛል ብሎ የ1.4 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ በድምፁ አጸደቀ። ለህዳሴ ግድብ ቦንድ የገዛን ሰዎች ያንን ጉጉት እናውቀዋለን። ወንዙ ግን እንደታሰበው አልሆነም። በድርቅ ጊዜ የሚፈሰው ውሃ ከግምቱ በጣም አነሰ፤ ከላይ የሚወርደው አፈር ደግሞ ሰባት ዓመት ባልሞላ ጊዜ የሐይቁን ግማሽ ገደማ በደለል ደፈነው። ሚያዝያ 7 ቀን 1900 ጎርፉ ከግድቡ አናት በላይ ከሦስት ሜትር በልጦ ፈሰሰ፣ መካከሉንም ሰብሮ ወሰደው። ቢያንስ ስምንት ሰዎች ሞቱ፤ ከተማዋ ያለ ውሃና ያለ መብራት ቀረች። እንደገና መገንባት ተጀመረ፤ በ1915 ሌላ ጎርፍ መጥቶ እሱንም አበላሸው። ፍርስራሹ ከሃያ ዓመት በላይ ወንዙ ላይ ተገትሮ ቆየ።

ሦስተኛው ግድብ የቆመው በሕዝብ ሥራዎች ገንዘብ ነው። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ወቅት፣ በ1933፣ የሩዝቬልት መንግሥት 3.3 ቢሊዮን ዶላር መድቦ ለሥራ አጡ ሥራ፣ ለከተሞች ደግሞ ግድብ፣ ድልድይና ትምህርት ቤት የሚሠራ መሥሪያ ቤት አቋቋመ። ገንዘቡ ከፊሉ እርዳታ፣ ከፊሉ ብድር ነበር፤ ስለዚህ ተቀባዩ ግንባታውን እንደ ራሱ ዕዳ ይከታተለው ነበር። ዛሬ በቀድሞው ከንቲባ ስም ቶም ሚለር የሚባለው ግድብ በአሮጌው ፍርስራሽ ላይ ተሠርቶ በ1940 አለቀ።

በእኔ እምነት ይህ ግድብ የዳነው በሲሚንቶው ጥራት ብቻ አይደለም። በ1934 የቴክሳስ ምክር ቤት የወንዙን የታችኛውን ተፋሰስ አጠቃሎ የሚያስተዳድር አንድ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት አቋቁሞ ነበር። በእነዚያው ዓመታት ከከተማዋ በላይ የቡካናንና የማንስፊልድ ግድቦች በፌዴራል ገንዘብ ተሠሩ፤ ጎርፉንና ደለሉን ቀድመው የሚቀበሉት እነሱ ሆኑ። ዋጋ የከፈለም አለ፤ ብለፍተን የምትባል መንደር ቡካናን ሐይቅ ሥር ቀርታለች።

ደለሉ ዛሬም አልጠፋም። በጥቅምት 2018 ከላይ የመጣው ጎርፍ ውሃውን እጅግ ስላደፈረሰው ማጣሪያዎቹ አልቻሉትም፤ ሳምንት ያህል ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ ተባልን። በሰፈራችን ሱፐርማርኬት የታሸገ ውሃ ወዲያው አለቀ። የኛ እናቶች ትልቁን ድስት ጥደው፣ አፍልተው፣ አቀዝቅዘው በጀሪካን ሞሉት፤ አሜሪካኖቹን ጎረቤቶቻችንንም አካፈሉ። በ2022 በማጣሪያ ጣቢያ ስህተት ተመሳሳይ ነገር ሲደገም ግን የከተማው ምክር ቤት በዝምታ አላለፈውም፤ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ሥራውን ከውጭ ሆነው እንዲመረምሩ አደረገ፤ ሪፖርቱም ለሕዝብ ወጣ። የምቀናው በዚህ ነው።

ለገዳዲ በ1970 ተሠርቶ አለቀ፤ ድሬ የሚባለው ግድብ በ1999 ተጨመረለት። ዙሪያው የሚታረስ መሬት ስለሆነ ክረምት ሲገባ ውሃው ቡና መስሎ ይደፈርሳል፤ ለማጣራት የሚፈጀው ኬሚካል ቀላል አይደለም። የጎንደር የአንገረብ ግድብም በደለል ምን ያህል እንደተጎዳ የከተማው ሰው ያውቃል። አዲስ አበባ አክስቴ ግቢ ውስጥ ሮቶው ሥር ሁለት ሰማያዊ በርሜሎች አሉ። በፈረቃዋ ቀን ሌሊት ተነስታ ትሞላቸዋለች፤ ባዶ ሲሆኑ ከሥራቸው ቀጭን ቀይ ጭቃ በእጇ ትጠርጋለች። በየዓመቱ ስለ አዲስ ጉድጓድና ስለ አዲስ ግድብ እንሰማለን። ከግድቡ በላይ ስለሚያርሰው ገበሬ ግን የሚያነሳ የለም።

ኦስቲን በ1998 ከተማዋ ውስጥ ያሉትን የባርተን ምንጮች ለመጠበቅ 65 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ አጽድቃ ከምንጩ በላይ ያለውን መሬት መግዛት ጀመረች። እኛ ዘንድ ይህ ይደረግ አልልም፤ መሬት መግዛት ማለት ገበሬ ማፈናቀል ይሆናል። የሚያዋጣው ከለገዳዲ በላይ ላለው ለሰንዳፋ ዙሪያ ገበሬ እርከን ለሠራበት፣ ዳገቱን ሳርና ዛፍ ላለበሰበት ቀን በቋሚነት መክፈል ነው፤ ከከተማው የውሃ ሒሳብ ላይ ጥቂት ሳንቲም ተቆርጦ፣ በዘመቻ ሳይሆን በውል። እኛ ውጭ ያለነውም ለውሃ ፕሮጀክት አዋጡ ስንባል፣ ገንዘቡን ከመስጠታችን በፊት ከግድቡ በላይ ላለው አፈር ስንት ተይዟል ብለን እንጠይቅ።