የአንሲብል ማኅበረሰብ በመሣሪያው ጥራት ብቻ አልተገነባም

አንድ ጸሐፊ «ጥሩ የአውቶሜሽን መሣሪያ ከተሠራ የኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር) ማኅበረሰቡ ራሱ ይሰበሰባል» ማለታቸው፣ በእኔ እምነት፣ የነገሩን ግማሽ ብቻ ይናገራል። ማይክል ዲሃን እ.ኤ.አ. በ2012 የጀመረውን፣ ብዙ ሰርቨሮችን በአንድነት ለማስተዳደር የሚያገለግለውን የአውቶሜሽን መሣሪያ አንሲብልን እንመልከት። በሚተዳደሩት ሰርቨሮች ላይ ተጨማሪ ፕሮግራም መጫን ሳያስፈልግ በኤስኤስኤች (ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ከርቀት ደኅንነቱ በተጠበቀ መንገድ በሚያገናኝ ዘዴ) አማካይነት መሥራቱ ብዙ ተጠቃሚ ስቧል፤ ተጠቃሚውን አበርካች ያደረገው ግን ሞጁሎቹ፣ ማለትም እያንዳንዳቸው አንድን ሥራ የሚያከናውኑት የኮድ ክፍሎች፣ ትናንሽና ራሳቸውን የቻሉ መሆናቸው ነው። አንድ የኔትወርክ ባለሙያ የፕሮግራሙን ውስጣዊ አሠራር ጠንቅቆ ሳያውቅ፣ በየዕለቱ ለሚያስተዳድረው መሣሪያ የሚሆን አንድ የፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ፋይል ጽፎ መላክ ይችላል፤ መግለጫውና የአጠቃቀም ምሳሌው በዚያው ፋይል ውስጥ ከኮዱ ጋር እንዲሰፍሩ ስለሚጠየቅም ሰነድ የማዘጋጀቱ ሥራ ለሌላ ጊዜ አይተላለፍም። ይህ ሥርዓት እጅግ ሊመሰገን የሚገባው ነው።

ችግሩ የመጣው ከዕድገቱ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሞጁሎች በአንድ የኮድ ማከማቻ ውስጥ ሲሰባሰቡ፣ የተላከውን ማሻሻያ መርምሮ የማጽደቁ ኃላፊነት በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ ወደቀ፤ አበርካቹም መልስ ለማግኘት ረጅም ጊዜ ይጠብቅ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው 2.10 ዕትም አብዛኞቹ ሞጁሎች ኮሌክሽን ወደተባሉ ጥቅሎች የተከፋፈሉት፣ እያንዳንዱ ጥቅል የራሱ ተንከባካቢዎችና የራሱ የዕትም መርሐ ግብር እንዲኖረው ነው። ስለዚህ በዴቭኦፕስ (ሶፍትዌር የመሥራትንና የማስተዳደርን ሥራ በሚያቀናጅ አሠራር) ዙሪያ ማኅበረሰብ ለመመሥረት የሚያስቡ ባለሙያዎች፣ የማጽደቅ ሥልጣንን ለሌሎች የሚያካፍሉበትን መንገድ ወረፋው ሳይረዝም አስቀድመው ቢያዘጋጁ መልካም ነው። በተለይ የመጀመሪያ ሥራውን ለላከ ሰው፣ ሥራው ተቀባይነት ባያገኝ እንኳ፣ ምክንያቱ በግልጽ ተጽፎ በቶሎ ሊደርሰው ይገባል።